መብራት ሳለ፤ ከዊንጌት ለአንባቢ የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበሩ አንባቢዬ፤

ይህን የምጽፍልዎት ዊንጌት ሰፈር ካለው ግቢያችን፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። መብራት አለ። አምፖሉ ሳይርገበገብ ይበራል፣ ከጎረቤት የምጣድ ሽታ ይመጣል፣ ልጆቹ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠዋል። ይህን ሰዓት የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው። ስለ መብራት መጥፋት የምናወራው ሁልጊዜ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን ነው፤ ጨለማ ውስጥ የሚወራ ነገር ደግሞ ምሬት ይበዛዋል። ከዚያ አምፖሉ ቦግ ሲል ልጆች "መጣ!" ብለው ይጮኻሉ፣ ምሬቱም የጀመርነው ምክርም አብሮ ይረሳል። ስለዚህ ዛሬ፣ መብራቱ ሳለ፣ ኮረንቲን ስለማስቀመጥ ላጫውትዎት።

"ኮረንቲ ደግሞ ጤፍ ነው እንዴ የሚቀመጠው?" ሲሉኝ ይሰማኛል። እርስዎ ግን ማስቀመጥ ከጀመሩ ቆይተዋል። ቅዳሜ ጠዋት ከቤትዎ "መብራት ሳይሄድብን እንጋግር" የሚል ድምፅ አይሰማም? የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,500 ዋት በላይ ይስባል፤ ከቤት ዕቃ እንደሱ ጥማት ያለው ጥቂት ነው። ያ ሁሉ ኃይል እንጀራ ሆኖ ሞሰብ ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል። ውሃ ሲመጣ በፓምፕ የተሞላው ሮቶም እንዲሁ ነው። ውሃውን ወደ ላይ የገፋው ኮረንቲ እዚያው ከፍታ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅዎታል፤ ቧንቧውን ሲከፍቱ ያለ ፓምፕ ራሱ ይወርዳል። ቤትዎ ባትሪ ከመግባቱ በፊት ሁለት ማስቀመጫ ነበረዎት ማለት ነው።

ሦስተኛውን ልጨምርልዎት? በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ይሙሉ፤ በረዶ ሲሆን ስለሚያብጥ እስከ አፉ አይሙሉት። ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡት። አንድ ሊትር በረዶ ሲቀልጥ 93 ዋት-ሰዓት ያህል ሙቀት ይውጣል። አራት አምስት እንዲህ ያለ ጠርሙስ ካለና የፍሪጁ በር ካልተከፈተ፣ መብራት በጠፋ ሌሊት ሥጋውም ወተቱም በደህና የማደሩ ዕድል ይሰፋል። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለበት፤ ለዚህ ተብለው የሚሠሩ ፍሪጆች ግድግዳቸው ውስጥ በረዶ አላቸው። አንዳንዶቹም ያለ ባትሪ ከፀሐይ በቀጥታ እየሠሩ ቀን ያቀዘቀዙትን በረዶ ለሌሊት ያስቀምጣሉ። በጤና ጣቢያ የሚሠራ ዘዴ በእርስዎም ማድ ቤት ይሠራል።

"ይሁን፤ ግን ግድቡ አልቆ የለም እንዴ? ቦንድ የገዛሁት ለዚሁ አልነበረም?" ይሉኛል። ጥያቄው ይገባል፤ እኔም እንደርስዎ ገዝቻለሁ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅም እንደርስዎ ዓይኔ እንባ አቅርሯል። 5,150 ሜጋ ዋት ማመንጨት የሚችል፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ግድብ ነው። እንዲያውም እሱ ራሱ የአገሪቱ ትልቁ ባትሪ ነው። ክረምት በሦስት አራት ወር የሚወርደውን ውሃ ይዞ፣ በጋ ሙሉ ቀስ እያለ ይሰጠናል። ባትሪ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ደግሞ አይተናል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ 3 ግድብ ውሃ ቀንሶ 476 ሜጋ ዋት ሲጎድል፣ አገሩ በሙሉ ፈረቃ ውስጥ ገባ። ያኔ የጎደለው ጎተራው ነበር።

ዛሬ ዊንጌት ላይ የሚያጨልመን ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ነው። ጎተራው ሞልቶ መንገዱ ይቆረጣል። ግድቡ ካለበት ከጉባ ተነስቶ ስንቱን ተራራና ወንዝ የተሻገረ ኮረንቲ፣ መጨረሻ ላይ እዚህ ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለ ትራንስፎርመር ይደርሳል፤ ከዚያም በቀጭን ሽቦ ወደ እርስዎ ቆጣሪ ይገባል። ክረምት ላይ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ አንድ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሽቦው ላይ ቢጥል፣ ወይም ያረጀ መጋጠሚያ ውስጥ ውሃ ቢገባ፣ ጉባ ያለው ተርባይን ምንም ሊያደርግልን አይችልም። ለዚህ ለመጨረሻው አጭር መንገድ ስንቁን መያዝ ያለበት መንገደኛው ራሱ ነው።

"ታዲያ ይህ የመብራት ኃይል ሥራ አይደለም ወይ? ለምን እኔ?" ካሉኝ፣ ሥራው የእነሱ መሆኑን አልክድም። መብራት ሲጠፋ 905 ደውለው ያስመዝግቡ፤ ጎረቤት ደውሏል ብለው አይተዉት። ነገር ግን ጎረቤታችንን ቅዱስ ጳውሎስን ይመልከቱ። በ2008 ዓ.ም. የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረበት ሆስፒታል ነው። ለቀዶ ሕክምና የተከፈተ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ሳለ መብራት ቢጠፋ ማንም "የማን ጥፋት ነው?" ብሎ አይጠይቅም። ጥንቁቅ ሆስፒታል ሁሉ፣ መብራት የማይጠፋበት አገር ያለው እንኳ፣ ጄኔሬተርና ባትሪ አዘጋጅቶ ነው የሚሠራው። ጄኔሬተር ተነስቶ እስኪይዝ ሴኮንዶች ስለሚፈጅበት፣ እነዚያን ሴኮንዶች ባትሪ ይሸፍናል። መጠባበቂያ መያዝ አገልግሎት ሰጪውን መናቅ አይደለም፤ የሚጠብቁት ሰው ያለው ቤት ወግ ነው።

"እኔ ግን የምጠብቀው በሽተኛ የለኝም፤ ሻማ ይበቃኛል" ሊሉኝ ነው። ሻማን አልጠላም፤ በኩራዝ አጥንተው፣ በማሾ ሠርግ ደግሰው ያሳደጉን ሰዎች ልጆች ነን። ሆኖም ሻማ የሚሰጠው ብርሃን ብቻ ነው፤ መጋረጃና ሕፃን ባለበት ቤት ደግሞ እሳት ነው። የዛሬ ቤት ከብርሃን ሌላ ስንት ነገር በሽቦ እንደሚያገኝ ይቁጠሩልኝ። ልጅዎ የሚያጠናበት ስልክ፣ ውጭ አገር ካለው ወንድምዎ ጋር የሚያገናኝዎ ዋይፋይ፣ ገንዘብ የሚልኩበት ቴሌብር፣ ሌሊት ሐኪም የሚጠሩበት ጥሪ። እኔም እንደርስዎ "በሽተኛ የለኝም" እል ነበር። ግቢያችን ውስጥ ማን እንዳለ ያወቅሁት በአንድ የነሐሴ ሌሊት ነው።

ፍልሰታ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ገደማ ከትራንስፎርመሩ በኩል "ጧ!" የሚል ድምፅ ተሰማና ሰፈሩ በአንዴ ጨለመ። ብዙም ሳይቆይ በሬ ተንኳኳ፤ የእማማ ልጅ ናት። እማማ የግቢያችን ሽማግሌ ናቸው፤ አስም አለባቸው፤ መድኃኒቱን እንደ ጉም አድርጎ የሚያስተነፍሳቸው ትንሽ መሣሪያ አላቸው፤ መሣሪያው የሚሠራው በኮረንቲ ነው። "አይዞሽ፣ ባትሪ አለኝ" አልኳት። በኩራት ነበር ያልኩት፤ ባትሪውንና ኢንቨርተሩን ከገዛሁ ስምንት ወር ሆኖኛል። ከአልጋዬ ስር ጎትቼ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ እማማ ቤት ወስጄ ሰካሁት። ኢንቨርተሩ አረንጓዴ አበራ፣ መሣሪያው አንድ ጊዜ አጓራ፣ ከዚያ "ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ" ብሎ ጠፋ። ደግሜ አበራሁት፤ አሁንም "ጢጥ"። በስልክ መብራት የእማማን ትከሻ አያለሁ፤ በየትንፋሹ ወደ ላይ ይሳባል።

ታክሲ ጠርተን፣ በጃንጥላ ደግፈን፣ በዚያ ዝናብ ሆስፒታል ወሰድናቸው። ሲነጋ ደህና ሆነው ተመለሱ፤ ተመስገን። በሩ ላይ ቆሜ ስጠብቃቸው አይተውኝ "ምን ታደርግ ልጄ፣ ዕቃ አይደል" አሉኝ። ዕቃው ግን አልበደለም። ጠዋት አንድ ኤሌክትሪሺያን ጎረቤቴ ቴስተሩን አምጥቶ ሲለካው 10.4 ቮልት አነበበ። "ከገዛኸው ጀምሮ ስንቴ ቻርጅ አደረግከው?" ሲለኝ መልስ አልነበረኝም። ባትሪ ነበረኝ፤ የተዘጋጀ ኃይል አልነበረኝም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ እማማ ትከሻ ላይ አየሁት፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

"ባትሪ ድሮም ቶሎ ይሞታል" የሚሉ አሉ፤ እርስዎም ሳይሉ አይቀሩም። እንዴት እንደሚሞት ግን ልንገርዎት፣ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ የምንገድለው እኛ ነን። መኪና ውስጥ የሚያዩት ዓይነት ባትሪ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የፈለሰፈው ነው፤ መሠረቱ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ውስጡ ስድስት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ሁለት ቮልት ገደማ ይሰጣል። በየክፍሉ የእርሳስ ሰሌዳዎች በአሲድ ውስጥ ቆመዋል። ኃይል ሲሰጥ ሰሌዳዎቹ ላይ ነጭ ጨው ይለበጣል፤ ቻርጅ ሲደረግ ጨው ተመልሶ ይሟሟል። ቡሃቃ ላይ የቀረ ሊጥ ያስቡ፤ ትኩስ ሳለ በውሃ ይለቃል፣ ሦስት ቀን ካደረ በቢላ ይፋቃል። ባትሪም ባዶውን ከሰነበተ ጨው ይደርቅበታል፤ ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ያህል ቻርጅ ቢያደርጉት ሙሉ ጉልበቱ አይመለስም። ምንም ሳይሠራ ቢቀመጥ እንኳ በየወሩ ከያዘው ጥቂት ጥቂት ያፈሳል። የኔው አልጋ ስር እንዲህ ነው የሞተው።

እንዳይሞት የሚጠይቀው ትንሽ ነው። ከቻርጅ ተነቅሎ ጥቂት ሰዓት ሲያርፍ 12.7 ቮልት ካነበበ ሞልቷል፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ላይ ነው፤ ከዚያ በታች እንዳይወርድ ይጠብቁት። ከተጠቀሙበት በዚያው ቀን ይሙሉት። ክዳኑ የሚከፈት ዓይነት ከሆነ የባትሪ ውሃ እንጂ የቧንቧ ውሃ አይጨምሩበት። ቻርጅ ሲደረግ ሊቀጣጠል የሚችል ጋዝ ስለሚወጣው ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ፣ ከሻማና ከእሳት ርቆ ይቀመጥ። ከአልጋ ስር ቦታው እንዳልሆነ ከእኔ ይማሩ።

"ገንዘቡስ?" አዎ፣ ባትሪ ርካሽ አይደለም። ብዙ ሰው ግን የሚፈራው ከሚያስፈልገው በላይ ስለሚያስብ ነው። እስቲ አብረን እንቁጠር። አንድ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ዕድሜው እንዲረዝም ግማሹን ብቻ እንጠቀም፤ 600። ኢንቨርተሩ የሚበላውን እንቀንስ፤ 500 ገደማ ይቀረናል። አራት የ9 ዋት አምፖል 36፣ ዋይፋይ 12፣ ሁለት ስልክ 20፤ ድምር 68 ዋት። ሰባት ሰዓት ይሄዳል፤ አንድ ሙሉ ምሽት ነው። የእማማ መሣሪያ 120 ዋት ቢስብ ለሩብ ሰዓት 30 ዋት-ሰዓት ብቻ ነው የሚወስደው። ምጣዱን ግን በዚህ ባትሪ ላይ ካሰቡት፣ ኢንቨርተሩ ባይሸከመውም፣ ሒሳቡ ዘጠኝ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ለዚህ ነው እንጀራው፣ ውሃውና በረዶው መብራት ሳለ ይቀመጡ ያልኩዎት። እነሱ ድርሻቸውን ሲወስዱ ለባትሪው የሚቀረው ትንሽ ሸክም ነው። ይህም ካልተቻለ ከአንድ ደህና ፓወር ባንክና ቻርጅ ከሚደረግ አምፖል ይጀምሩ፤ ሞልቶ የተቀመጠ ፓወር ባንክ ባዶ ከሆነ ትልቅ ባትሪ ይበልጣል።

"ጄኔሬተር ገዝቼ ብገላገልስ?" ለሱቅ፣ ለዳቦ ቤት፣ ለክሊኒክ ያስፈልጋል፤ አልከለክልዎትም። ሁለት ነገር ብቻ ይወቁልኝ። ዊንጌት ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፤ ስለዚህ ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው አቅም አንድ አራተኛ ገደማውን ቀንሰው አስልተው ይግዙ። ጭሱ ደግሞ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለበት፤ በዝናብ ምክንያት ጄኔሬተሩን ወደ ቤት ወይም ወደ በረንዳ አያስገቡት።

ከሁሉ በላይ ጄኔሬተርም ሆነ ኢንቨርተር የቤቱ ሶኬት ላይ በቀጥታ ሰክተው ቤቱን ሁሉ ለማብራት አይሞክሩ። ኮረንቲው በቆጣሪው በኩል ወደ ውጭ ይወጣል፤ ትራንስፎርመሩ ዘንድ ሲደርስ ተገልብጦ 15,000 ቮልት ይሆናል። ምሰሶው ላይ ደግሞ የእርስዎን መብራት ሊመልስ በዝናብ የወጣ የሰው ልጅ አለ። መስመሩ ሞቷል ብሎ ይነካዋል። በባለሙያ የተገጠመ ቼንጅ ኦቨር (መስመር መቀየሪያ) ይህን ይከላከላል። እባክዎን ይህን አይለፉት።

"ሶላርስ? ሊቲየምስ?" ብለው የሚጠይቁኝ ወጣት አንባቢ እንዳሉ አውቃለሁ። ጥሩ ነው። ሊቲየም ያለበት ባትሪ ከያዘው አብዛኛውን ያለ ጉዳት ይሰጣል፤ ዋጋው ቢከብድም ዕድሜው ከእርሳሱ በብዙ እጥፍ ይረዝማል። ሶላር ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከደመናው ጋር ይታገላል፣ ከመስከረም በኋላ ግን ይክሳል፤ መስመርም ሶላርም ያለው ቤት ክረምት ከመስመር፣ በጋ ከፀሐይ ይሞላል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ሰፈራችን ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና በየበሩ እየበዛ ነው። 60 ኪሎዋት-ሰዓት የሚይዝ አንዱ መኪና ቅድም የቆጠርነውን ባትሪ ሃምሳውን ያህላል። ከመኪናው ሶኬት ኃይል የሚሰጡም አሉ። የዕቃው ዓይነት ይለዋወጣል፤ ባዶውን ከተገኘ ግን ሁሉም አንድ ነው።

ያረጀውን ባትሪ በተመለከተ አንድ አደራ አለኝ። ቁራሌው ሲመጣ እንዳለ፣ ሳይሰበር፣ አሲዱ ሳይፈስ ይስጡት። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው፤ ከጉለሌ የሚወርደው ጅረት ደግሞ አቃቂ ወርዶ የሌላ ሰው ጎመን ያጠጣል።

አሁን ልሰናበትዎት። ከዚያች ነሐሴ በኋላ ግቢያችን አንድ ልማድ አወጣ። በየወሩ በልደታ፣ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ማታ፣ መብራት ሳለ፣ እኛው ራሳችን ብሬከሩን እናጠፋዋለን። አንድ ሰዓት ሙሉ በባትሪ እንቆያለን። ቡናው ድሮም በከሰል ነው፤ ችግር የለበትም። ልጆቹ ቴስተሩን ይዘው ቁጥሩን በየተራ ያነባሉ፣ ትልቁ ደብተር ላይ ይጽፋል። የደከመው ባትሪ የሚታወቀው ያን ዕለት ነው፤ ጉዳት ሳያደርስ፣ ሱቅ ክፍት ሳለ፣ ሁላችንም ደህና ሆነን። ለእርስዎ ልደታ ባይመችዎት የሚመችዎትን ቀን ይምረጡ፤ ቀኑ ግን ይኑርዎት።

ባለፈው ልደታ እማማ መሣሪያቸውን ይዘው መጡ። ትንፋሻቸው ደህና ነበር፤ "እስቲ እኔም ልሞክረው" ብለው ነው። ሰካንላቸው። ሩብ ሰዓት ሙሉ ሳይቋረጥ አጓራ። ሲጨርሱ መሣሪያውን በነጠላቸው ጠቅልለው፣ "በል አሁን መብራቱን መልሱት፣ የዚያች ቤት ምጣድ ሊጥ ይዟል" አሉን።

እርስዎም ይህን አንብበው ሲጨርሱ፣ መብራት ካለ፣ ብድግ ብለው ባትሪዎን ይዩልኝ።

አክባሪዎ፣
ጎረቤትዎ ከዊንጌት